የላላው ገመድ

አንድ ሰው ነበረ። መምህር ስሜነህ ታሪኩን የጀመሩት በእነዚህ ሦስት ቃላት ነው፤ ስለ እነዚህ እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በትክክል አስታውሼው እንደሆነ አልምልም። በተለይ ጉሙን። ጉሙ እሳቸው ከተናገሩት ውስጥ ይሁን፣ ወይስ እኔ ታሪኩን ለራሴ ስደጋግመው የጨመርኩት ይሁን፣ ለረጅም ጊዜ ስጠራጠር ቆይቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የማልጠራጠርበትን ላስቀምጥ፤ ጥያቄውን።

ጥያቄውን ያነሣው ደርብ ነው። ደርብ ሞጆ በሚገኝ የዱቄት ፋብሪካ በማታ ፈረቃ ይሠራል። እናቱ እትዬ የሺመቤት ኩላሊታቸው ስለደከመ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለእጥበት አዲስ አበባ መመላለስ አለባቸው። ደርብ ከፈረቃ ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ፣ እናቱን አሳፍሮ፣ በፈጣኑ መንገድ ይነዳል። በዚያ ሰሞን አጎቱ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና አውሶት ነበር። ፈጣኑ መንገድ ላይ ከወጡ በኋላ አንድ ቁልፍ ሲነካ መኪናዋ መሪዋን ራሷ ትይዛለች። መስመሯን አትለቅም፤ ከፊቷ ካለው መኪና ርቀቷን ትጠብቃለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሰበካው አዳራሽ መምህር ስሜነህ አስተምረው ሲጨርሱ ጥያቄ ይቀበላሉ። ደርብ ተነሣ።

«መምህር፣ የኔ ጥያቄ ከመጽሐፍ አይደለም። የመኪና ነው።»

«መኪናም የሚሳፈርባት ሰው ነው። ጠይቅ» አሉ።

«አዲሷ መኪና ራሷ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ አድሬ ነው የምመጣው፤ ይደክመኛል። እሷ እየሄደች እኔ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ዓይኔን ባሳርፍ... የማትችለው ነገር ሲገጥማት ትጮሃለች፤ ያኔ ብድግ ብዬ መሪውን እይዛለሁ። ይኼ ጥፋት ነው?»

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር አቶ ብርሌው ከመሐል ተቀበሉት። «አንተ ልጅ! ሲነዱ የሚተኙ ብዙ ሾፌሮች አውቃለሁ፤ አስፈቅዶ የሚተኛ ግን ዛሬ ገና አየሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ተዉት ልጄን። ለኔ ብሎ ነው የሚንከራተተው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ግን ማክሰኞ ዕለት አንገትህ ሲወድቅ አይቼሃለሁ። እንዳላሳፍርህ ብዬ ሻርፔን የማስተካክል መስዬ በክርኔ ጎሸም አደረግኩህ እንጂ።»

ሳቁ ቆመ። ደርብ መሬት መሬት አየ። ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ነገር እናቱን በገዛ እጁ መጉዳት እንደነበረ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። መምህር ስሜነህም ወንበራቸውን ወደ እሱ ሳብ አድርገው ተቀመጡና ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ። ዓይነ ስውር ነበር። ልጅ ሳለ ዓይኑን ታመመ፤ ሐኪም ሩቅ ነበረና ብርሃኑን አጣ። ሲያድግ ገመድ ሠሪ ሆነ። ቃጫ እየፈተለ ከብት የሚታሰርበትን፣ ጭነት የሚጠፈርበትን ገመድ ይገምዳል። ገበያው ከተራራው ማዶ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ይጠባል፤ በቀኝ የተራራው ግድግዳ፣ በግራ ገደል።

ይህ ሰው ያንን መንገድ ዘንጉን ይዞ ብቻውን ይሄድ ነበር። ወፍጮ ቤቱን በዱቄቱ ሽታ፣ ዋርካውን በጥላው ቅዝቃዜ ያውቀዋል። ጠባቡ ቦታ ከመድረሱ በፊት መንገዱ ላይ የተነጠፈ ሰፊ ድንጋይ አለ፤ ሥሩ ባዶ ስለሆነ በዘንግ ሲመታ እንደ ጋን ይጮሃል። ሰውዬው ያንን ድምፅ ሲሰማ ወደ ግድግዳው ይጠጋል፤ ቀኝ እጁን ከግድግዳው ሳያነሣ ያልፋል። ሲመለስም እንዲሁ፣ በሌላው እጁ።

ክረምት ገብቶ ጉም ሲወርድ ደግሞ ዓይን ያላቸው ሰዎች ከዚያ ድንጋይ አጠገብ ቆመው እሱን ይጠብቁ ነበር። «መጣ፣ መጣ!» ይባባላሉ። አንዱ የጋቢውን ጫፍ ይይዛል፣ ሌላው የዚያን ሰው ነጠላ ይይዛል፤ እንደ ሙሽራ አጃቢ ተሰልፈው ይከተሉታል። እሱም «በሉ ዓይናሞች፣ እንዳትጥሉኝ» ይላቸዋል። ይሥቃሉ። ያቺ ሳቅ ከገመዱ ሽያጭ ይልቅ ደስ ትለው ነበር።

ዕድሜው ከገፋ በኋላ ሴት ልጅ ወለደ። ልጂቱ በእግሯ መሄድ በጀመረችበት ዓመት ዓይኗ ይቀላ፣ ጠዋት ጠዋት በዓይናር ይጣበቅ ጀመር። አባትየው ይህን ከሚስቱ አፍ ሲሰማ የያዘው ቃጫ ከእጁ ወደቀ። ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ገበያው ዳር ጤና ጣቢያ ተከፍቶ ነበርና ወሰዳት። ሐኪሙ ዓይኗን ገልጦ አየና በየገበያው ቀን እንዲያመጣት፣ ካቋረጠ ግን እንደማትድን ነገረው። እናቲቱ ወገቧን ስለምትታመም ተራራውን መውጣት አትችልም። ስለዚህ በየሳምንቱ ልጂቱን አዝሎ የሚሄደው እሱ ሆነ።

ሚስቱ አንድ ቀን እንዲህ አለችው። «ብቻህን ስትሄድ ፈርቼልህ አላውቅም። ልጄን አዝለህ ስትሄድ ግን እስክትመለስ ጉሮሮዬ ውኃ አያወርድም።»

እሱም ፈርቶ ነበር፤ ለሚስቱ አልነገራትም እንጂ። ስለዚህ ዓይኑ ደህና የሆነ፣ የታመነ አንድ ጎልማሳ ፈልገው ቀጠሩ። ጎልማሳው የዘንጉን ጫፍ ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ ሰውዬው ሌላውን ጫፍ ይዞ ይከተላል። ጎልማሳው ሐቀኛ ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት ገና ከደጅ ሳይርቁ አቆመው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ዓይኔ ጥሩ ነው። ጉም ከወረደ ግን እኔም እንደርስዎ ነኝ። ያን ጊዜ መንገዱን ለእርስዎ እመልሳለሁ። እስከዚያው እግርዎ እንዳይተኛ።»

«እሺ» አለ ሰውዬው። ከልቡ ነበር።

በየገበያው ቀን ጎልማሳው ይህንኑ ይደግማል። ሰውዬውም «እሺ» ይላል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ «እሺ፣ እሺ» ማለት ጀመረ። በኋላ ጎልማሳው አፉን ሲከፍት «ይገባኛል፣ እንሂድ» ይል ጀመር።

መጀመሪያ ላይ እግሩ እንደ ድሮው ድንጋዩን እየዳሰሰ ነበር የሚሄደው። ግን ጎልማሳው አንድም ቀን አልተሳሳተም። እግሩ የሚነግረውን ሁሉ ጎልማሳው ቀድሞ ጨርሶታል፤ ታዲያ እግሮቹ ምን ያደርጉለታል? ቀስ በቀስ ወሬ አመጣ። ለልጂቱ ተረት ይነግራታል፤ እሷ ከጀርባው ሆና ጆሮውን እየጎተተች «ከዚያስ?» ትለዋለች። ዋርካውን ማለፉን ሳያውቅ ገበያ ይደርሳል። ደስታው ልክ አልነበረውም። በዕድሜው ሙሉ መንገድ ሥራ ነበር፤ አሁን ዕረፍት ሆነለት።

ከዚያ ዘንጉን መያዙንም ተወው። ራሱ የገመደውን ገመድ አምጥቶ አንዱን ጫፍ በጎልማሳው ወገብ፣ ሌላውን በራሱ ወገብ አሠረ። ሁለት እጁ ነፃ ሆነ። እየሄደ ቃጫ ይፈትል ጀመር። ዘንጉ እቤት ማዕዘን ውስጥ ቆሞ ቀረ፤ ዶሮ ሰፈረበት። ሚስቱ አይታ «ዘንግህ ሥራ ፈታ» ብትለው «እኔም ሥራ ይፍታልኝ እንጂ» ብሎ አሣቃት።

የልጂቱ ዓይን እየጠራ ሄደ። ሐኪሙ «ትንሽ ነው የቀረው፤ እንዳታቋርጥ» አለው።

በዚያ ክረምት አንድ ጠዋት መንገድ ላይ ሳሉ ገመዱ ላላ። ጎልማሳው ቆሞ ነበር።

«ጋሼ፣ ጉም ወርዷል። እጄን እንኳ አላየውም። ይምሩ።»

ሰውዬው ሣቀ። «ጉም ለኔ ምኔ ነው!» አለ። በእጁ የነበረውን ቃጫ በብብቱ ወተፈ፣ ልጂቱን ጀርባው ላይ ከፍ አደረጋት፣ ጎልማሳውን አልፎ ፊት ቆመ። ደስ ብሎት ነበር፤ ድሮ የሚጠብቁት ሰዎች፣ ያ ሰልፍ፣ ያ ሳቅ ትዝ አለው። ቀኝ እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ።

ግድግዳው የለም።

«የሚጮኸውን ድንጋይ አልፈነዋል?» ብሎ ጠየቀ።

«የትኛው ነው የሚጮኸው ድንጋይ?» አለ ጎልማሳው።

ሰውዬው ደነገጠ። ለካ ጎልማሳው ያንን ድንጋይ አያውቀውም። በዓይኑ ነው የሚሄደው፤ ለእሱ ድንጋዩ እንደሌላው ድንጋይ ነው። ራሱ ሰውዬው ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ ተረት ሲናገር ነበር፤ ድንጋዩን ረግጦ ይሁን ወይስ ገና ከፊቱ ይሁን አያውቅም። ነፋስ ቢኖር ገደሉ የቱ ጋ እንደሆነ ጉንጩ በነገረው፤ የዚያን ዕለት ግን ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ አልነበረም። ዘንጉ እቤት ነው። አላውቅም ለማለት ዐፈረ። ይህን ያህል ዓመት ሰዎችን በጉም ያሻገረ ሰው በጉም ጠፋሁ ይበል? «ትንሽ ወደፊት ነው» ብሎ አንድ እርምጃ ተራመደ።

እግሩ መሬት አላገኘም።

በጎኑ ወደቀ፤ ወገቡ ከገደሉ አፍ ወደታች ሄደ። ያን ጊዜ ገመዱ ተወጠረ። ከኋላ የነበረው ጎልማሳ ምን እንደሆነ አላየም፤ የገመዱ መሳብ ብቻ ተሰምቶት በመቀመጫው ወደቀና ተረከዙን መሬት ውስጥ ተከለ። ሰውዬው በአንድ እጁ የልጂቱን እግር፣ በሌላው ሣር ጨብጦ ተንጠለጠለ። ጠጠሮቹ ሲወርዱ ሰማ፤ መሬት ሲደርሱ ግን አልሰማም።

ልጂቱ ከጀርባው ሆና በሳቅ ፈነዳች። «አባዬ፣ እንደገና!» አለችው። «እንደገና ዝለል!»

ጎልማሳው እየጎተተ አወጣቸው። ጉሙ እስኪነሣ ድረስ ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ልጂቱ «እንደገና፣ እንደገና» እያለች ነበር። ሰውዬው በወገቡ ያለውን ገመድ በጣቶቹ ይዳስስ ነበር። ሲገምደው ለጭነት ነበር ያሰበው።

እቤት ሲደርሱ ሚስቱ የተላጠውን ጉልበቱን አየች። አልተቆጣችም። ውኃ አሙቃ እያጠበችለት ሁሉንም ነገራት፤ ማፈሩንም አልደበቃት። እሷም እጇ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ጠየቀችው።

«ገመዱን የያዘው እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ከፊት ሆኖ?»

የሰውዬው እጅ ገመዱ ታስሮበት ወደነበረው ወገቡ ሄደ።

«ከኋላ ሆኖ።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጎልማሳው ሲመጣ ሰውዬውን ደጅ ላይ ቆሞ አገኘው፤ ልጂቱ ጀርባው ላይ፣ ዘንጉ በእጁ። ገመዱን አቀበለውና ቀድሞ ተራመደ።

«ጋሼ፣ ተቀየሙኝ እንዴ?» አለ ጎልማሳው።

«እንዴት እቀየምሃለሁ? ልጄን ያወጣህልኝ አንተ ነህ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ፊት የምሄደው እኔ ነኝ፤ አንተ ከኋላዬ። ገመዱ ላላ ይበል። እስካልተሳሳትኩ ድረስ አትሳበኝ፤ ከተሳሳትኩ ግን አትጠይቀኝ፣ ጎትተኝ።»

«ታዲያ የኔ ሥራ ምን ሊሆን ነው?»

«ዓይንህን ከእግሬ አትንቀል። ሥራህ እሱ ነው።»

ያን ቀን እንደ ኤሊ ተጓዙ። እግሩ ረስቶ ነበር፤ ደጋግሞ ተደናቀፈ፣ ጎልማሳውም ጎተተው። ጤና ጣቢያው በሩን ሊዘጋ ሲል ደረሱ። ልጂቱ ተረት ስላጣች አልቅሳ ነበር። በሳምንቱ ትንሽ ተሻለ። ክረምቱ ሳይወጣ እግሩ ሁሉንም አስታወሰ። አንድ ጠዋት ጉም ሲወርድ ከሚጮኸው ድንጋይ አጠገብ የሰው ድምፅ ሰማ። «መጣ፣ መጣ!» ይሉ ነበር። የጋቢውን ጫፍ ያዙ። ከሁሉ ኋላ ጎልማሳው የላላውን ገመድ ይዞ ተከተለ።

መምህር ስሜነህ እዚህ ላይ አቆሙና ፊታቸውን ወደ ደርብ መለሱ።

«ልጄ፣ ሰውዬው አንተ ነህ። ጎልማሳው መኪናዋ ናት። ከጀርባ ያለችውን አልነግርህም፤ አጠገብህ ተቀምጣለች።

መኪናዋ አታታልልህም። አላይም ባለች ጊዜ እንደ ጎልማሳው ትነግርሃለች። ክፉው ነገር የምትነግርህ መቼ እንደሆነ ነው። መንገዱ ሲቀና እሷ ትነዳለች፤ መንገዱ ሲጠፋ ላንተ ትመልስልሃለች። የቀለለውን ሁሉ ወስዳ የከበደውን ብቻ ታስረክብሃለች፤ ያውም እግርህ ከተኛ በኋላ። ስትጮኽ እነቃለሁ አልክ። ትነቃለህ። ግን የት ነው የምትነቃው? ድንጋዩን አልፈህ ይሁን ገና ይሁን ሳታውቅ ነው።

እንቅልፍ ባይኖርብህም ያው ነው። ሰውን ሥራህን ለሌላ ሰጥተህ ቁጭ ብለህ ጠብቅ ብትለው ልቡ አብሮት አይቀመጥም፤ ይሄዳል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሰው ስለሆነ ነው። መኪናዋ ግን መጠበቅ አይሰለቻትም። አታዛጋም። እንግዲያው መጠበቁን ለማትሰለቸው ስጣት፤ መሄዱን አንተ ያዝ። ራሷ የምትነዳበትን ቁልፍ ተወው። መስመር ስትለቅ የምትጮኸውን፣ ድንገት ሰው ሲገባብህ ፍሬን የምትይዘውን አታጥፋ። ከኋላህ ትሁን፤ ገመዱ ይላላ።»

«እሺ መምህር» አለ ደርብ። «ግን ድካሜስ?» አለ፤ እንደ ልጅ ነበር ያለው።

«ድካምህን ለመኪና አትንገራት። ለኛ ንገረን።»

አቶ ብርሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማክሰኞና ሐሙስን ለኔ ተዉልኝ» አሉ። «እኔ እንደሆንኩ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ያለ ሥራ ነው የምነቃው። እትዬ የሺመቤት፣ ሾፌርዎ የሚያወራ ቢሆን ቅር ይልዎታል?»

«የሚተኛ አይሁን እንጂ» አሉ እትዬ የሺመቤት። ደርብ የመጀመሪያው ሆኖ ሣቀ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እሱ የሚነዳው ቅዳሜ ብቻ ሆነ፤ ዓርብ ማታ ፈረቃ የለውምና ተኝቶ ነው የሚነሣው።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ እንኳ ጉሙ ይከነክነኝ ነበር። በቀደም መምህር ስሜነህ እናታቸውን ሊጠይቁ ወደ አገራቸው ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ገና ከሩቅ፣ ከማሳው ጫፍ ሳለን፣ አንዲት በጣም ያረጁ ሴት ከደጃቸው ሆነው «ስሜነህ! ያ ከኋላህ የሚመጣው ቀጭን ልጅ ማነው? ጫማው ተፈትቷል፣ እንዳይወድቅ!» ብለው ተጣሩ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የቀኝ ጫማዬ ክር ተፈትቷል።

መምህሩ በአዳራሹ ውስጥ የማን ታሪክ እንደሆነ አልነገሩንም ነበር። ማታ አጠገባቸው ተቀምጬ እናታቸውን ጠየቅኳቸው። በዚያን ዕለት በእርግጥ ጉም ነበር?

«ነበር እንጂ» አሉ። «ከታች ያለው ሁሉ ነጭ ነበር። ጥጥ ላይ የምንዘል መስሎኝ ነው እንደገና ያልኩት።»